ጥላ አላቀረበችም ስለተባለችው ልጄ

ጳጉሜን ፩ ቀን
ሾላ ሜዳ ቀበሌ

ለክቡር የክረምት ሕፃናት ዝግጁነት ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? የሰኔው ጭቃ፣ የሐምሌው ጉም፣ የነሐሴው ነጎድጓድ እንዴት አደረገዎት? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ ደኅና ነው? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይድረሰውና ከእርስዎ መመሪያ በቀር ያመመን ነገር የለም። በቆሎው እሸት ይዟል፣ በርበሬው ከበሽታ ተርፏል፣ ላሚቱም በሰላም ወልዳለች። የመኪናዎን ደኅንነት የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ እደርስበታለሁ።

ስሜን ባያስታውሱት አልፈርድብዎትም። እጅጉ መሐሪ እባላለሁ፤ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ የምኖር አራሽ ነኝ። በቢሮዎ መዝገብ ላይ ግን «ጥላ ያላቀረበችው ሕፃን ወላጅ» ተብዬ እንደተጻፍሁ ስለሰማሁ፣ በዚያም ቢያውቁኝ አልቀየምም። ልጅቱ ያምሮት ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል መግባት አለባት፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይም ይኸው ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ ባለፈው ሰኔ፣ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ሕፃናት ክረምቱን በከንቱ እንዳያሳልፉ አስበው፣ ሠላሳ ተግባራት የያዘ ባለ ቀለም መመሪያ ስለላኩልን ቀበሌያችን ከልብ ያመሰግንዎታል። ሠላሳውን ያልፈጸመ ሕፃን የዝግጁነት ወረቀት እንደማያገኝ፣ ወረቀት የሌለውም እንደማይመዘገብ በመጨረሻው ገጽ ላይ በደማቅ ቀለም ማስጻፍዎ አርቆ አሳቢነትዎን ያሳያል። ከዚህ በፊት እኛ ኋላቀሮቹ ልጅ መድረሱን የምናውቀው በጆሮው ነበር። የልደት ወረቀት ስለሌለን፣ ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ያምሮት አምና አንድ ጣት ጎደላትና ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ውሃ ስትቀዳም፣ ጥጃ ስታስርም፣ ኧረ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር እጇን አናቷ ላይ እንደጣለች ዓመቱ አለፈ። እናቷ ሀብትነሽ፣ ይች ልጅ አንገቷ ተጣሞ ይቀራል እያለች ስንቴ ተቆጣች። ግንቦት ላይ ግን ነካች። የነካች ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች ስታሳይ ዋለች፤ እኔም፣ ምን ልደብቅዎት፣ ከበሬ ግዢ የበለጠ ደስ ብሎኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ። ቢሮዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

አንደኛ፦ ተግባር ሁለት ሕፃናቱን ለሠላሳ ደቂቃ ከጭቃ ጋር አስተዋውቁ ይላል። ክቡር ሆይ፣ የእኛ ልጆችና ጭቃ ከተዋወቁ ቆይተዋል። ሰኔ ላይ የግራ ቦቲዬን የዋጠው ጭቃ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ቢሆንም መመሪያ መመሪያ ነውና፣ የክረምቱ አስተማሪያችን ሥርጉት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተጉዘው የመጡትን ሃያ ሦስት ልጆች እግራቸውን አጥባ አደረቀቻቸው። ከዚያ ወደ ውጭ አወጣቻቸውና ከጭቃ ጋር አስተዋወቀቻቸው። ፎቶ አነሳቻቸው፤ እንደገናም አጠበቻቸው። ማታ ደግሞ በጭቃው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ስለ ትውውቁ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ተግባር ዘጠኝ ልጆች ጸጥ ብለው የዝናብ ድምፅ እንዲያዳምጡ ያዝዛል። የመማሪያ ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ይህን ተግባር ሳንታዘዝም ከሰኔ እስከ ነሐሴ መቶ በመቶ ፈጽመናል። ሌላ የተሰማ ድምፅ የለም። የሥርጉት ድምፅ ስላልተሰማ ፊደል ያስቆጠረችው በከንፈሯ ነው፤ ልጆቻችን «ሀ»ን የሚያውቁት አፍ ከፍቶ ዝም በማለት ነው። ቢሮዎ ያስቀመጠው፣ የክፍሉን እኩሌታ የያዘው የማዳበሪያ ጆንያ እስካሁን አልተነሳም፤ ልጆቹ ግን ላዩ ላይ ስለሚቀመጡ የመቀመጫ ችግር የለብንም። ይህም ከእርስዎ ነውና እግዜር ይስጥልን።

ሦስተኛ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልንተነፍስ ነው።

ተግባር ዐሥራ ሰባት እንዲህ ይላል፦ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ሕፃኑን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ የጥላውን ርዝመት በሜትር ለኩ፤ ቅጹ ላይ ሙሉ። መመሪያው መጀመሪያ የተጻፈበትን አገር አላውቀውም፤ በክረምት ፀሐይ የሚወጣበት የተባረከ አገር መሆን አለበት። በእኛ በኩል ሐምሌ ከገባ ፀሐይ እንደ ከተማ ዘመድ ናት፤ እመጣለሁ ትላለች፣ አትመጣም። ሥርጉት ሜትሯን ይዛ፣ ልጆቹን አሰልፋ፣ ሐምሌን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ስታይ ከረመች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸ ነው። የሌሎች ቀበሌዎች ልጆች በሙሉ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ጥላ እንዳላቸው ሪፖርት መደረጉን ሰማን። ሁሉም፣ ረጅሙም አጭሩም፣ እኩል ጥላ። ከቢሮዎ ተደውሎ ለሥርጉትም እንደዚያው እንድትሞላ ምክር ተሰጣት። እሷ ግን ገና የሃያ ዓመት ልጅ ናትና አሠራር አታውቅም፤ ያላየሁትን አልጽፍም ብላ እርፍ አለች።

ነሐሴ ዐሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ዕለት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው በድንገት ተገለጠ። ኧረ እንዴት ያለ ፀሐይ! በዓል ስለነበር ማሳ የወጣ ሰው አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ወደ ሜዳው ሮጠ። ከሰልፉ ፊት ያለችው ያምሮት ነበረች። ደረቷን ነፍታ፣ ልማድ ሆኖባት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሥርጉት ሜትሯን ይዛ ተንበረከከች። ጥላ የለም። በፊት ለፊት የለም፣ በኋላ የለም፣ በቀኝም በግራም የለም። ልጅቱን አንድ እርምጃ ፈቀቅ አደረጓት፤ የለም። ሽማግሌ ተጠራ፤ የለም። ግማሹ ሰው ሲያማትብ፣ ግማሹ ሲከራከር፣ ደመናው ተመልሶ ገጠመ። የቀሩት ሃያ ሁለት ልጆች ሳይለኩ ቀሩ።

ሥርጉት ያየችውን ጻፈች። በያምሮት ስም ፊት «ዜሮ» አለች፤ የሃያ ሁለቱን ባዶ ተወችው። ከቢሮዎ የመጣው መልስ ግን በሰም ታሽጎ ለልጅ ልጅ መቀመጥ ያለበት ነው። ያልተለኩት ሃያ ሁለቱ በአማካይ አንድ ሜትር ከሃያ ተሞልቶላቸው አልፈዋል። የተለካችው አንዷ ወድቃለች። ኮምፒውተሩ ዜሮ አይቀበልም ተባለ። «ሕፃኗ ጥላዋን በሚቀጥለው ክረምት ታቅርብ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እኔ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ሀብትነሽ አንድ ጊዜ ሰምታው ተቀመጠች።

መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ሰዓትን በጥላ እየሰፈሩ ያረጁ የደብራችን አባት፣ ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ። በአገራችን ነሐሴ አጋማሹን አለፍ ሲል ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትወጣለች፣ ያን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከእግር ሥር ትገባለች፤ ሰውም ዛፍም ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነው፣ ልጅቱ ምንም አልሆነች አሉ። ይህንኑ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ላኩልዎት። የመሪጌታው ማስረጃ በመመሪያው ውስጥ የለም የሚል መልስ መጣላቸው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲያዩ የኖሩ ሰው በመመሪያ ውስጥ አለመኖራቸውን በእርጅናቸው ስላሳወቋቸው እናመሰግናለን።

አሁን ግን ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ልተወው። ልጆች ልጆች ናቸው፤ ያምሮትን «ጥላ ቢስ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። ልጄ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ቤት መግባት አመጣች። ፋኖስ ስናበራ ደግሞ ዘወር ብላ ግድግዳውን ታያለች፤ ጥላዋ መኖሩን ካየች በኋላ ትቀመጣለች። አንድ ቀን፣ አባዬ እጄን ግን ዓመቱን ሙሉ ለምን አስረዘምሁት ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አባት ነኝ፤ ተናድጃለሁ። ይህን በትሕትና እንዲመዘግቡልኝ እለምናለሁ።

ነሐሴ ሃያ ሦስት ክቡርነትዎ ራስዎ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት አስከትለው፣ የጥላውን ጉዳይ ለማጣራት መምጣትዎ የማይረሳ ውለታ ነው። መኪናዎ ከወንዙ ማዶ ጭቃ ውስጥ ስትቀር ሁለት ጥማድ በሬ አምጥተን አወጣናት፤ ከተግባር ሁለት ጋር በዚያው ተዋወቁ። ከዚያም ሜዳው ላይ ቆመው፣ መረጃ የሌለው ሕፃን ማሳለፍ ትውልድ መግደል እንደሆነ ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ስድስት ሰዓት ተኩልን አለፈ። ያን ጊዜ ፀሐይ ወጣች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ነው። ያምሮት ከጀርባዬ ወጥታ እግርዎ ሥር አየች። ዞረች፣ በኋላዎም አየች። ከሥርጉት እጅ ሜትሩን ተቀበለችና ከጫማዎ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ቢሮዎ እንዳስተማራት፣ ለካች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ አባዬ እሳቸውም የላቸውም አለች። ክቡርነትዎ ወደ ታች አዩ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ አሉ፤ አሁንም አዩ። እባብ እንደረገጠ ሰው እግርዎን እያነሱ ዙሪያውን ሲዞሩ ሃምሳ የምንሆን ሰዎች ቆመን አይተናል። የኮሚቴው አባላት ደግሞ ማስታወሻ መያዝ ትተው የየራሳቸውን እግር ሲያዩ ነበር። መሪጌታ ብቻ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሰማዩን ያያሉ። ከዚያ ክቡርነትዎ ጉዳዩ ይታያል ብለው መኪናዎ ውስጥ ገቡ፤ ውሳኔው እንደጸና የሚገልጸው ደብዳቤ በአራተኛው ቀን ደረሰን።

ውሳኔዎን አከብራለሁ። ስለማከብረውም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። ጥላ ያላቀረበ ሰው ለአንደኛ ክፍል ዝግጁ አይደለም ካሉ፣ ለሰብሳቢነት እንዴት ዝግጁ እንደሚሆን እኛ ገበሬዎቹ አልገባንም፤ ቢያስረዱን ደስ ይለናል። ስለዚህ በዚያ ዕለት የተገኘነው የቀበሌው ሰዎች በስምዎ አንድ ቅጽ ሞልተን ፈርመናል። ስም፦ ክቡር ሰብሳቢ። ከጭቃ ጋር መተዋወቅ፦ ተፈጽሟል። የጥላ ርዝመት፦ ዜሮ፣ ለኪዋ ያምሮት እጅጉ። አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱን ፍኖተ ሰላም ላሉ የበላዮችዎ ልከናል። ኮምፒውተሩ አልቀበልም ካለ፣ ምን ይደረግ፣ እርስዎም ጥላዎን በሚቀጥለው ክረምት ያቅርቡ።

ወይም ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ምዝገባው እስከ ጳጉሜን አምስት ነው። አንድ መስመር ጽፈው ያምሮትን ያስገቧት፤ እኛም የእርስዎን ቅጽ እንረሳለን። ገበሬ ሲረሳ ያውቅበታል።

መጪው ዘመን የጤና፣ የሰላምና የረጅም ጥላ ዘመን እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ በቀረችኝ አንዲት ቦቲ ቆሜ እጅ እነሳለሁ።

ጥላ ያላቀረበችው ሕፃን ወላጅ
እጅጉ መሐሪ

በኅዳግ፦ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ያምሮት አጠገቤ ነበረችና ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ጥላ የሌለን እኔና እሳቸው ብቻ ስለሆንን ክፍል ውስጥ አብረን እንቀመጣለን ብላ፣ ከማዳበሪያው ጆንያ ላይ ከጎኗ ለእርስዎ ቦታ ይዛለች። ከመምጣትዎ በፊት ግን ቀኝ እጅዎን በአናትዎ ላይ ያሳልፉና ግራ ጆሮዎን ይሞክሩት፤ ካልደረሰ፣ እሷ ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንዳደረገችው ልታሳይዎት ዝግጁ ናት።