ሐዲዱ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር እንዳይጎድል

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአዲሱ የመንገደኞች ባቡር ዝግጅት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የታሰበው የባቡር መስመር ከድሬዳዋው ነባር መስመር ጋር እንዲገናኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ አዛለች ወልደአረጋይ የበግ ጠጉር እየፈተልኩ፣ ተሸምኖ የመጣውን የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና፣ እየሰፋሁ የምተዳደር የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። በመስከረም መጨረሻ ጽሕፈት ቤትዎ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በጠራው ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ለአስተያየት ማይኩ በየወንበሩ ሲዞር እኔም ዘንድ ደርሷል። ተቀበልኩና አጠገቤ ለተቀመጡት አሳለፍኩት። ሰው በበዛበት ድምፄ አይወጣም። በሰዓቱ ያልተናገርኩትን ዛሬ በጽሑፍ ይዤ በመምጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ማይኩን ያሳለፍኩላቸው የጣርማ በሩ የበግ ነጋዴ አቶ ወልደተንሣኤ ነበሩ። «ለመሆኑ በግስ ትኬት ይቆረጥለታል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። መስመሩን ያስረዱን ኢንጂነር ህሊናም «ተራውን ጠብቆ ከተሰለፈ ለምን አይቆረጥለትም፣ አባቴ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ስለ በግ ብቻ ጠየቀና ሰዓቱ አለቀ። በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ ጥያቄ የማይገኘው በዚህ ምክንያት መሆኑን አስረዳለሁ።

1. በግድግዳው ካርታ ላይ አዲሱ መስመር በቀይ፣ ነባሩ በጥቁር ተሥሏል። ቀዩ ከእኛ ተነሥቶ አዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ይቆማል። ጥቁሩ ከድሬዳዋ መጥቶ በደቡብ በኩል ይቆማል። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ በካርታው ላይ ከስንዴ ፍሬ አይበልጥም። ሰው ሲበተን ቀረብ ብዬ ኢንጂነሯን ብጠይቃቸው፣ መሬት ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር መሆኑን ነገሩኝ። ምክንያቱንም አልደበቁኝም። ማገናኛው ሲሠራ የሚነሣ ቤት ስላለ ሥራው ሁለት ዓመት ይዘገያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችን ባቡር ይንቀሳቀስ፣ መገናኘቱ ኋላ ይደርሳል የሚል ሐሳብ አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የከተማችን ሰው አብዛኛው ጉዳዩ አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ከደረሰ ይበቃዋል። ይህን አልክድም።

2. ይሁን እንጂ «ኋላ ይገጥማል» የሚባል ነገር እኛ ቤት አንድ ጊዜ ደርሶብናል። ባና ሁለት ወርድ ሆኖ ይሸመንና መሐሉ ላይ ይሰፋል። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እኔና እህቴ ዘርፈሽዋል ለእናታችን ባና ልናሠራ ተስማማን። እሷ ያኔ መዘዞ ትኖር ነበር። አንዱን ወርድ እሷ ፈትላ እዚያው ልታሸምን፣ ሌላውን እኔ ፈትዬ እዚህ ላሸምን፣ ኋላ ልንገጥመው ተነጋገርን። ርዝመቱን አምስት አምስት ክንድ አልን። የመዘዞው ሸማኔ ግን ቁመተ ረጅም ሰው ነው። የእኔው ሸማኔ አቶ ኪዳነምሕረት ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት የማይነካ ሰው ነበሩ። ሁለቱም በገዛ ክንዳቸው ለኩ። ሁለቱም ሳይሳሳቱ አምስት ቆጠሩ።

ወርዶቹን አምጥተን ጎን ለጎን ስንዘረጋ የእኔው በአንድ ስንዝር ከምናምን አጠረ። የሷን እንዳንቆርጥ ጫፉ ይተረተራል፤ የእኔን እንዳናስረዝም ከመሸመኛው ወርዷል። እንዳለ ሰፋነው። እናታችን አንድ ሌሊት ለብሰውት አድረው ሲነሡ «ሁለታችሁም እጃችሁ ይባረክ። እንከን የለውም። አንዱ እግሬ ብቻ ውጭ አደረ» አሉን።

በስብሰባው ላይ ካርታውን ሳይ ይህ ነገር ትዝ አለኝ። ቀዩም ጥሩ ነው፣ ጥቁሩም ጥሩ ነው። ውጭ የሚያድረው መንገደኛው ነው።

3. አሁን ወደ ራሴ ችግር እገባለሁ። ከላይ የጠቀስኳት እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ዛሬ ይህን ማመልከቻ በራሴ እጅ የምጽፈው በእሷ ነው። ከዓመታት በፊት ባሏን ተከትላ ድሬዳዋ ገባች። ባሏ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላ ከደረጃ ወድቃ ግራ እግሯ ተሰበረ፤ ሲድን ሳይታጠፍ ቀረ። ልጅ የላትም። መጥታ ከእኔ ጋር ልትኖር ተስማምተን ባለፈው ዓመት ግንቦት ተነሣች።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ድረስ በባቡር መጣች። ትይዩዋ የተቀመጠው መንገደኛ ቦታ ለቆላት እግሯን እንደዘረጋች፣ ከሰዉ ጋር እየተጨዋወተች ገባች። እኔ ጣቢያው ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት። ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። የመጀመሪያው ታክሲ ረዳት «እማማ፣ እግርዎን ይሰብስቡ እንጂ!» አላት። እሷም «ቢሰበሰብልኝ ኖሮ አንተን ምን ያስለምነኝ ነበር?» አለችው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አልጫነንም። ኮንትራት መኪና ይዘን ከኋላ ወንበር ላይ እግሯን አጋደምን። ከተማውን አቋርጠን ደብረ ብርሃን መሳፈሪያ ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ አለ። ገና መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይቀረናል። አውቶቡሱን ከታች እስከ ላይ አየችውና «አዙዬ፣ ወደ ባቡሩ መልሺኝ። እዚያ እግሬ ይዘረጋል» አለችኝ።

መለስኳት። በማግሥቱ ወደ ድሬዳዋ ተሳፈረች። በሌላ ነገር ተሳክቶልኝ አያውቅም ብዬ አላማርርም፤ በዚያን ቀን ግን እህቴን እስከ ደጃፌ አስጠግቼ በገዛ እጄ ሸኘኋት።

እህቴ አንድ ሰው መሆኗን አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰው ሐዲድ አይዘረጋም። ነገር ግን ከምሥራቅ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የሚመጣ ተማሪ ሻንጣ አለው። ባና ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ነጋዴም አለ፤ በዚያ ሙቀት ማን እንደሚገዛው አይጠይቁኝ፣ ይሸጣል ይላሉ። ሁሉም አሥራ አንዷ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እንደ እኛ ይሆናል። በባቡር ጀምሮ ታክሲ የሚለምን መንገደኛ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያውም በመኪና ይሄዳል። ያኔ አዲሱ ባቡር ባዶውን ሲመላለስ «ሰዉ ባቡር አይወድም» ተብሎ ሪፖርት እንዳይቀርብብን እሰጋለሁ።

4. አንድ ነገር ላክል። የዘይት ጠርሙስ የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ እንዳነበብኩት፣ የዱሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ የአሁኑ ግን አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲም ተኩል ነው። ስለዚህ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ከዚያ በታች ያለው የጋዜጣው ጽሑፍ ዘይት ጠጥቶ ስለማይነበብ የእኛ ስንት እንደሚሆን አላወቅሁም። ስፋቱ ከአሁን ተለክቶ ካልተመሳሰለ፣ ኋላ እናገናኝ ቢባልም የሁለቱ ሸማኔዎች ነገር ይሆናል።

ስለዚህ ከጽሕፈት ቤትዎ በአክብሮት የምለምነው የሚከተለውን ነው። አዲሱ ሐዲድ ከነባሩ ጋር አንድ ስፋት እንዲኖረውና ሁለቱ አንድ ጣቢያ ላይ እንዲገናኙ ይወሰንልን። ከአንዱ ባቡር የወረደ ሰው በዚያው መድረክ ላይ ሌላውን ያግኝ። ይህ አሁን የማይቻል ከሆነ፣ ቢያንስ የቀዩ መስመር ጫፍ በሕንፃ አይዘጋ። ማገናኛው የሚያልፍበት መሬት ከአሁን ተለይቶ ይከለል። ስንፈትል እንኳ የክሩን ጫፍ አክርረን አንጨርሰውም፤ የሚቀጥለው እንዲይዝ ላላ አድርገን እንተወዋለን። ቤታቸው የሚነሣባቸው ሰዎችም ቀድመው ተጠይቀው፣ ተገቢው ምትክ ይሰጣቸው። እኔ እህቴን ለማምጣት ሌላው ከቤቱ ተገፍቶ እንዲወጣ አልፈልግም።

ለመዘግየቱም መልስ አለኝ። ሁለት ዓመት የሚለውን ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። ዕድሜዋ ስልሳ ሁለት ስለሆነ ትከፋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «እጠብቃለሁ» አለችኝ። «የመስኮት ቦታም ስጡኝ አልልም። ብቻ ግማሽ መንገድ ላይ ‹እዚህ ውረጂ› አይበሉኝ።»

ይህንኑ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ለክቡርነትዎ አቅርቤያለሁ። በበኩሌ አልጋዋን አዘጋጅቻለሁ። እናታችን ከሞቱ በኋላ ያ ባና እኔ ዘንድ ነው ያለው። የማይታጠፈው እግሯ ግራው ስለሆነ፣ ረጅሙ ወርድ፣ የእሷው የመዘዞው፣ በግራ በኩል እንዲውል አድርጌ አንጥፌዋለሁ።

ከደብረ ብርሃን ብርድና ከሞቀ ሰላምታ ጋር

አዛለች ወልደአረጋይ
(ፊርማ)