ከቁጥሩ ስር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ደረጃ ትወጪበታለሽ ወይስ እንደኔው እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል? እኔ እንዳለሁ አለሁ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽም ታግሰሽ አንብቢልኝ። ስልክ እንዳልደውል ግድግዳው ስስ ነው፣ የልጅ ልጄ ትሰማለች።

ልጄን መቅበራችሁን የነገርሽኝ ዕለት "ለልጅቱ የአባቷን መርዶ እንዳትነግሪያት፣ ሩጫዋ ይለፍ" አልሽኝ። በሰው አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ማራቶን ልትሮጥ ነው፣ ልቧ እንዳይሰበር አልሽ። እሺ፣ የኔስ ልብ ድንጋይ ነው? እኔ ወሬኛዋ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ከረምኩ። ማልቀስ ሲያምረኝ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ እወርዳለሁ። ማሽኑ ሲያጓራ አብሬው አጓራለሁ። ንጹሑን አንሶላ ደጋግሜ ባጥበው "እማማ፣ ሊሳሳ ነው እኮ" አለችኝ።

እሷም ከሥራ መልስ ትሮጣለች። ዓይኗ ቀልቶ ትገባለች። ምነው ስላት ላብ ገብቶብኝ ነው ትላለች። ማን አባሮሽ ነው ብዬ ብቀልድ ጥርሷ ብልጭ አይልም።

ደግሞ ያቺ የልጄ ሳል። በር ከመክፈቱ በፊት እህህ የሚላትን ታውቂያታለሽ። ኮሪደሩ ላይ እሰማታለሁ። ብቅ ስል ሰው የለም፤ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራው መብራት ግን በርቷል።

ዛሬ ጠዋት ሮጠች። መጨረሻው ጋ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሌላው ሁሉ ወደፊት እያየ ሲመጣ የኛዋ ወደኋላ ዞር ዞር እያለች መጣች። ከኋላዋ ማንም የለ። መስመሩን አልፋ እላዬ ላይ ተደፋች። ማንን ነበር የምታዪው አልኳት።

"አንድ የሚያስል ሰውዬ" አለችኝ። "ከድልድዩ ጀምሮ አልተለየኝም።"

ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽ አብጧል ብዬ ክሩን ልፈታላት ጎንበስ አልኩ።

ቤት ገብታ እንቅልፍ ጣላት። እንግዲህ ሩጫው አለፈ፣ ስትነቃ ልነግራት ቆረጥኩ። እስከዚያ ማሊያዋን ላጥብ ብዬ ደረቱ ላይ የሰካችውን የወረቀት ቁጥር ፈታሁት። ከቁጥሩ ስር፣ በልቧ በኩል፣ ጣት የምታህል ጥቁር ጨርቅ ተሰክታለች።

አንቺ ሴትዮ፣ ለኔ "ለልጅቱ አትንገሪ" ያለ አፍሽ ለልጅቱስ ምን ብሏት ይሆን? ተይው፣ አትመልሺልኝ። እሷ መንገድ ላይ፣ እኔ ምድር ቤት፣ አንዱን ሰው ለየብቻ ስናለቅስ ከረምን።

ማሊያውን አላጠብኩትም። ጨርቋን በጥርሴ ለሁለት ቀደድኳት። ግማሿን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ግማሿን ከቁጥሩ በፈታሁት መርፌ ቁልፍ ቀሚሴ ላይ ሰካኋት፤ በውጭ በኩል፣ እንድታያት።

ይኸው ይህን ስጽፍልሽ ኮሪደሩ ላይ እህህ አለ። ብዕሬን ከወረቀቱ አነሳሁ። ከመኝታዋ ሆና ቀስ ብላ "እማማ፣ ክፈቺለት እንጂ" አለችኝ።

እዚህ ላይ ላብቃ፣ ልነሳ ነው። ያንቺን ክፉ አያሰማኝ። የተረፍነውን ደህና አድርጎ ያገናኘን።

ታላቅ እህትሽ