የንጋት ትከሻ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ባምላኩ፣ ሰላምታዬ ጋምቤላ ድረስ ይድረስዎ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ በቆሎውም ለእሸት ደርሷል።

ልጄ ንጋት ግን ከፋሲካ ወዲህ ትከሻዋን ትሰብቃለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። መምህሯ «ትረብሻለች» ቢለኝ ገረፍኋት። «እማዬ፣ ራሱ እኮ ነው የሚመጣብኝ» ብላ አለቀሰች። ጠበልም አስጠመቅኋት። የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ደግሞ «ቲክ ይባላል፤ ሆን ብላ አይደለም፤ ስትቆጧት ይብስባታል» አለኝ። ግራ ገባኝ። ዝም ስላት እውነትም ቀለል ይላታል።

ሐኪሙ «ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?» ሲለኝ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ልጅ ሳሉ አንገትዎን ወዝወዝ ሲያደርጉ አባባ ይገርፉዎ ነበር። ያኔም ራሱ ነበር የሚመጣብዎ? እኔ እኮ አጠገብዎ ቆሜ እስቅ ነበር።

ለመስቀል ይምጡልን፤ ንጋት አጎቷን አይታ አታውቅም። እስክንገናኝ ጤናዎ አይጉደል።

እህትዎ ስንዱ፣ ከቡሬ