በለመለመው ዛፋችን ጉዳይ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ምስጋና

ለከተማችን ውሃ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፣

አስቀድሜ ከቢሮዎ በር ያላነሰ ጽኑ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በሩን ስንት ጊዜ አንኳኩቼ ንቅንቅ እንዳላለ በዓይኔ አይቻለሁና።

እኔ በከተማችን ዳር፣ አስፋልቱ ጥግ ባለው ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የአክስቴ ቤት ግን በጎረቤት ከተማ ክልል ነው። የምንጠጣው ከአንድ ግድብ ነው፤ ወደ እሷ የሚሄደው ቧንቧም የሚያልፈው በእኛ ደጃፍ ስር ነው። ሆኖም በዚህ የውሃ እጥረት አክስቴ ማክሰኞና ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ጓሮዋን እንድታጠጣ ሲፈቀድላት፣ እኛ በእርስዎ አርቆ አሳቢነት የሳህን እጣቢ እንኳ ደጅ እንዳንደፋ ተከልክለናል። ስላሰቡልን እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ነጥቦችን በትህትና አቀርባለሁ።

፩. ደጃፋችን ስር ያለው ቧንቧ ከፈነዳ ከርሟል። ደጋግሜ ባመለክትም ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ውሃው በአባቴ ዛፍ ሥር እየተንዠቀዠቀ ይገኛል። በከተማችን ደጅ ላይ ውሃ ማፍሰስ የተፈቀደለት ቧንቧዎ ብቻ ስለሆነ፣ ሥልጣኑን በሚገባ እየተጠቀመበት ነው።

፪. በቅርቡ የመጡት ተቆጣጣሪዎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ የእኛ ዛፍ ብቻ ለምልሞ ስላገኙት፣ እጅ ከፍንጅ ይዘውታል። የፈሰሰው ውሃ በሠራው ኩሬ መሃል ቆመው ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ከእግራቸው ስር መሆኑን ባሳያቸው፣ የቧንቧ ጉዳይ የሌላ ክፍል መሆኑን አስረዱኝ። ዛፉም በተሰረቀ ውሃ ለምልሟል ተብሎ እንዲቆረጥ ተወሰነበት።

፫. ውሃው አስፋልቱን ተሻግሮ የአክስቴን ደጃፍ ሣር በተከለከለ ቀን ጭምር ያጠጣል። የዚያ ከተማ ደንብ አስከባሪዎች ቢሮዎን እንዳይከሱት ስለምሰጋ፣ ቧንቧዎ ከማክሰኞና ከቅዳሜ ምሽት በቀር እንዳይሻገር ቢመክሩት መልካም ነው። እዚያ ማዶ ቧንቧ ሲፈነዳ ባመለከቱ ማግስት ጠጋኝ ይመጣል ብላ አክስቴ ብታወራልኝም፣ ማጋነን ስለምትወድ አላመንኳትም።

አሁን ጨዋታውን ትቼ ልለምንዎት። ዛፉን አባቴ የተከለው እኔ የተወለድኩ ሰሞን ነው። ከሹፌርነት ጡረታ ወጥቶ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ፣ ከቤት የሚያወጣው ያ ጥላ ብቻ ነው። ጥላውን ካጣ ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ ሽማግሌ ደግሞ ብዙ አይከርምምና ፈርቻለሁ። ቧንቧው ይጠገን፣ ዛፉ ይማርልኝ።

ከደረቀው ከተማዎ ዳር፣ እርጥብ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ለእርስዎም ለበርዎም እጅ የምነሳ
ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሠራተኞችዎ መጡ። የያዙት መጋዝ ስለነበር ዛፉ ወድቋል፤ ቧንቧው የሌላ ክፍል ስለሆነ አልነኩትም። አባቴ ወደ ቤት እንዲገባ ብነግረውም እሺ ሳይል፣ ወንበሩን ከወትሮው ቦታ አኑሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። የእርስዎ ውሃ እግሩ ስር ይፈሳል። ተቆጣጣሪዎ ሲመጡ፣ አባቴ እንዳልለመለመ ይመስክሩልን።