ከማንጎው ጋር ያሰርነው ጀልባ

ይድረስ ለዑመሬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። አላህ ይርሐምህ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ቆርቆሮው በንፋስ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እናትህ ደህና ናቸው። ቤታችንን ከውሃው ራቅ አድርገን ሠርተነዋል። ጀልባህም ተጠግኖ እዚሁ ጉባ ሰው ያሻግራል። የሚነዳው ወንድምህ ሐሰን ነው፤ ይነሳ አይነሳ የምለው ግን እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ ከሰው ተጣልቻለሁ፤ ላንተ ካልነገርኩህ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ያ የግንቦት ቀን ከፊቴ አይጠፋም። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ፣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ወደ ደረቅ እየጎተቱ ነበር። ከጣና የመጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ አለሙ፣ ይህ ንፋስ ሳያልፍ እንዳትነሳ ቢሉህ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብለህ ቀለድክባቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም ኮርቼብህ ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ ዓባይን እየተሻገርክ ያደግክ ሰው ነህና ውሃ ያሸንፍሃል ብዬ እንዴት ላስብ? ዓባይ ግን በልጅነትህ ወንዝ ነበር፤ ሁለቱም ዳር ይታያል፤ ሲከፋ ወደ ቅርቡ ትጠጋለህ። ይህ ግድቡ ያስተኛው ውሃ ሲቆጣ ምን እንደሚመስል አንዳችንም አናውቅም ነበር። የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን እንኳ ከሰሊጡ ጆንያ ሥር ቀብረናቸው ነው የተነሳነው።

መሃል ስንደርስ ንፋሱ መጣ። ማዕበሉ ከጎን ይመታን ጀመር። አብረውን የተሳፈሩት ሴቶች ሸሃዳ ሲሉ ሰማሁ። ያኔ የአባትህ ማንጎ ታየን። የድሮ መንደራችን ሲዋጥ ከውሃው በላይ የቀረው የሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ኒካሓችን የታሰረው እዚያ ጥላ ሥር ነበር። እጅህን ዘርግተህ ስታሳየኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቤት የደረስን መሰለኝ። አህያ እንደሚታሰር ገመዱን አሳጥረህ ከቅርንጫፉ ጋር አሰርከው፤ ቋጠሮውን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ማዕበሉ ጀልባውን ሽቅብ ሲያነሳው ገመዱ አፍንጫውን ወደ ታች ያዘው። ውሃው በፊት በኩል ገባ። ገመዱን ልትቆርጥ ቢላዋ ይዘህ ወደ አፍንጫው ስትሳብ አየሁህ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁህም። እኛ ቅርንጫፉን ይዘን ተረፍን።

ኋላ ጋሽ አለሙ እንደነገሩኝ፣ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሮ ቀስ እያሉ መግፋት ነበር። ማሰር ግድ ከሆነም ገመዱን ማስረዘም። ከሁሉም የሚሻለው ግን አለመነሳት ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ጥፋት ነው የሠራነው፤ የሁለታችን ጥፋት።

ባለፈው ቅዳሜ ሙሽራ ሊያመጡ የሚሻገሩ ሰዎች ጀልባውን ሞሉት። ምዕራቡ እንደዚያ ቀን ጠቁሯል። አይሆንም አልኩ። ሐሰን ተቆጣ። የሙሽራው አጎት፣ ሴት ጀልባ ላይ ስታዝዝ አይቶ እንደማያውቅ ጮክ ብሎ ተናገረ። የቤንዚኑን ጀሪካን አወረድኩና ተቀመጥኩበት። ሰው ሁሉ ሰማዩን ያያል፣ እኔን ያያል። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ንፋሱ እንዲመጣልኝ ለመንኩ።

አልመጣም። ደመናው ሌላ አገር ሄዶ ዘነበ፤ ውሃው እስከ መግሪብ ቅንጣት ሳይነቃነቅ ዋለ። ሳቁብኝ። ሙሽራዋ ተኳኩላ ስትጠብቅ ዋለች አሉ። ሐሰን እስከ ዛሬ በቅጡ አያናግረኝም። እናትህ እንኳ ምነው ልጄ አሉኝ። ቤት ገብቼ በሃፍረት አለቀስኩ።

ነገም ሰማዩ ቢጠቁር ጀሪካኑ ላይ እቀመጣለሁ፣ ዑመሬ። ዱዓዬን ሳደርስ አስብሃለሁ፤ ሰው እየሰደበኝ እምቢ ስልም አስብሃለሁ፤ እስክሞት ሁለቱንም አልተውም። እያለቀስኩ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ምነው ያን ቀን እንዲህ ባሳፈርኩህ። ውሃው ረግቶ በዋለ፣ ሰው በሳቀብን፣ አንተም በኔ ተናደህ፣ ሳታናግረኝ ቤት በገባህ።