የአባታችን የ«ደርሻለሁ» ሕይወት፣ መጋቢት 14ን ጨምሮ

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት፣ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ ጋራዥ ገብተው ሞተር መፍታት ተማሩ፤ በ1968 ዓ.ም. የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጡ። በ1974 ዓ.ም. እናታችንን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ጭነት የሚጠብቁ ነጋዴዎች ደውለው «የት ደረሱ?» ሲሏቸው፣ ገና መንገዱን ሳያጋምሱ «ደርሻለሁ» ስለሚሉ ቅጽል ስማቸው ሆኖ ቀረ። ከዚህ ሌላ ውሸት አናውቅባቸውም ነበር።

መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. የጭነት መኪናቸው መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ኢንሹራንሱ «የነዳው ሌላ ሰው ነው» ብሎ ካሳ ሲከለክላቸው ከሰሱት። ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ምለው፣ የነዱት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ሴት ልጃቸውም ምላ፣ የዚያን ዕለት በአቧራ የተለወሰ ልብሳቸውን እንዳጠበች መሰከረች። ያቺ ልጅ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ሰላም አላገኙም። ጠበቃቸው፣ በሐሰት የማለ ሰው ካሳውን ማጣት ብቻ ሳይሆን እንደሚታሰርም ነገሯቸው። በር በተንኳኳ ቁጥር የያዙት ማንኪያ ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። ፖስታ እንኳ ራሳቸው አይከፍቱም ነበር።

ስለ ሕመማቸው፣ ቤተሰቡ «ለረጅም ጊዜ ታመው» ተብሎ ይታለፍ አለ። ወንድሜ ትናንት እጄን ይዞ ለመነኝ። እሳቸው ግን ባለፈው ሳምንት ትራሳቸውን አስተካክዬ ልነሣ ስል፣ «ታሪኬን ስትጽፊ ያቺን ቀን እንዳትደብቂያት። እኔ በፍርሃት አለቅሁ፤ አንቺ እንዲህ አትኑሪ» አሉኝ።

አባታችን በልብ ሕመም መጀመሪያ ሆስፒታል የተኙት ከመጋቢት 12 እስከ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በ14 መኪናውን የነዳው መንጃ ፈቃድ የሌለው ወንድሜ ነው። ያጠብኩት ልብስ የለም።

ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተናል። ፍርዱ ገና አልተሰጠም፤ ሰኞ ጠዋት ለዳኛዋ ይህንኑ እነግራለሁ። ልታሰር እችላለሁ። ወንድሜ አብሮኝ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። በጣም እፈራለሁ።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ፣ በር በማይንኳኳበት ያሳርፍልን።