በኋላ ማርሽ ለተወጣ ዳገት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለቤተሰብ መኪና አምራቹ ድርጅት የደንበኞች እርካታ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለውድ ባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ለሚያደርስዎት መኪና ካምቢዮ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። ካምቢዮውን ከቤተሰብዎ ጋር አብሬ ማንሳቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ሰው ሲታመም ምን እንደነካው ይጠየቃል፤ ካምቢዮ ሲታመም ግን ወደ እርስዎ ክፍል ተልኮ የበሽታው መንስኤ የመኪናው ባለቤት መሆኑ እንደሚነገር በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር በማንም ላይ እንዲደርስ አልመኝም።

የድርጅትዎን ስም በዚህ ጋዜጣ ላይ መጥቀስ አላስፈለገኝም። እናንተው ራሳችሁ በየመስቀለኛው መንገድ፣ ከቤት በሚበልጥ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁታል። እኔም መኪናዋን የገዛሁት ያንን ሰሌዳ አምኜ ነው። በሰሌዳው ላይ አንድ ቤተሰብ ለዒድ ወደ ትውልድ መንደሩ ዳገት ሲወጣ ይታያል። መቀመጫዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፣ ጣራው ላይ ሻንጣና የብስኩት ቆርቆሮ ተጭኗል፣ አንዲት አሮጊትም በመስኮት ብቅ ብለው ይስቃሉ። ባለቤቴ ዊንዳርቲ በዚያ ባለፍን ቁጥር «እኚህን ሴትዮ እያቸው፣ ቁርጥ እናትህን!» ትለኝ ነበር።

እናቴ፣ እማማ ካርሲየም፣ በጃቫ ደሴት ከዎኖሶቦ ከተማ በላይ ታንጁንግሬጆ በምትባል ጎመን አብቃይ መንደር ይኖራሉ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ወርሷቸው ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። የዘንድሮው ዕቅዳችን እጅግ ቀላል ነበር። ዒድን አብረናቸው እናሳልፋለን፤ እንደ ጃቫ ሰው ሁሉ እግራቸው ሥር ተንበርክከን የዓመቱን ጥፋታችንን ይቅር እንዲሉን እንጠይቃለን፤ ከዚያ በምቹዋ መኪናችን ይዘናቸው ወርደን ዓይናቸውን እናስከፍታለን። የሆስፒታሉ ተራ የተያዘላቸው ከዒድ ቀን በሚጀምረው የሸዋል ወር ማለቂያ ላይ ነው። ያንን ተራ ለማግኘት ምን ያህል ደጅ እንደጠናን ልዘርዝርልዎ አልፈልግም፤ ደጅ ማስጠናት የእርስዎም ሙያ በመሆኑ ይገባዎታል።

ይህንን መቅድም ያስቀደምኩት፣ ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርባቸው አቤቱታዎች የብረታ ብረት ጉዳይ ብቻ መስለው እንዳይታዩዎት ነው።

፩ኛ፦ የአዲስ መኪና ሽታዋ ገና ያልለቀቃት መኪናችን፣ በዒድ ዕለት ጠዋት፣ የመጨረሻው ዳገት ሥር ስትደርስ ወደ ፊት መሄድ አቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ማርሹን ባወጣም ባስገባም ያው ነው። በውስጧ እኔና ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ እንዲሁም ስንመለስ ቦታቸውን ለእናቴ ለቀው በአውቶቡስ ሊወርዱ የተስማሙት የባለቤቴ ወንድም ጉንቱርና ሚስቱ ነበርን፤ እንደ ሰሌዳችሁ ቤተሰብ፣ በየመቀመጫው አንድ ሰው። የዒድ ሶላት አልቋል፣ የመንደሩ ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ እናቴ በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁን እናውቃለን፣ እኛ ግን ቆመናል።

በዚህ ጊዜ ጉንቱር «ጋሼ፣ እስቲ ኋላ ማርሹን ሞክረው፤ ወደ ፊት ብትኮራ ወደ ኋላ ትል ይሆናል» አለኝ። ሞከርኩት። ክቡር ሆይ፣ ስለ ኋላ ማርሻችሁ ያለኝን አድናቆት በአደባባይ ለመግለጽ ይህንን አጋጣሚ እጠቀማለሁ። ታዛዥ ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ ቅሬታ የለውም። መኪናዋን ገፍተን አዞርናት፤ ጀርባዋን ለዳገቱ፣ ፊቷን ለሸለቆው ሰጠንና ሽቅብ ወደ ኋላ መውጣት ጀመርን።

የመጀመሪያ ልጄ ራትሪ በኋላ መስኮት አንገቷን አውጥታ ዓይኔ ሆነች። «ግራ፣ አባዬ! ግራ! የእኔን አይደለም፣ ያንተን ግራ!» ትላለች፤ መለስ ብላ ደግሞ «ከክፍሌ ልጆች አንዱ ይህንን ካየ ትምህርት ቤት እቀይራለሁ» ትለኛለች። የመንደሩ ሰው መንገድ ዳር ተሰለፈ። አንድ ሽማግሌ «ምን ረስታችሁ ነው የምትመለሱት?» ብለው ጮሁ። አንዱ ጎረምሳ «በከተማ እንዲህ ነው እንዴ የሚነዳው?» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ «ሳቁባቸው ግድ የለም፣ ዛሬ ዒድ ነው፣ ይቅር ይሉናል!» ብላ ለሁሉም ፈቃድ ሰጠች። ለመንደራችን ሕዝብ ያለምንም ክፍያ ላቀረባችሁት የበዓል ጨዋታ በነሱ ስም አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ከዚህ ወዲያ ከሆነው ከፊሉን የምጽፈው በኋላ ከእናቴ አፍ እንደሰማሁት ነው።

እናቴ በር ላይ ቆመው ነበር። የመኪናዋን ድምፅ ሰምተዋል። በዚያ በደከመ ዓይናቸው ግን የታያቸው፣ ፊቷን ወደ ሸለቆው ያዞረች መኪና ናት። አጠገባቸው የቆመውን ጎረቤታችንን ጁሜኖን «እየመጡ ነው ወይስ እየሄዱ?» ብለው ጠየቁት። ጁሜኖ በዚያች መንደር ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪናው ጎመን ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ የመኪና ነገር አያደናግረውም ነበር። ያን ዕለት ግን «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም አልገባኝም» አላቸው።

እናቴ መሄዳችን ነው ብለው ደመደሙ። ሳንወርድ፣ እጃቸውን ሳንስም፣ ተቀይመን የተመለስን መሰላቸው። «ምን በደልኳቸው? ልጄ! ቁም!» እያሉ በዱላቸው መንገዱን እየዳበሱ ሊያስቆሙን ወጡ። ክቡር ሆይ፣ ከምትሄድ መኪና ኋላ የሚሮጡ መስሏቸው የሮጡት፣ ወደ እሳቸው በምትመጣ መኪና ፊት ነው። ራትሪ ግራም ቀኝም አላለችም፤ «አያቴ!» ብላ ብቻ ጮኸች። እኔም ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናዋ ስትቆም በኋላ መከላከያዋና በእናቴ ጉልበት መካከል የዱላው ውፍረት ያህል ነበር የቀረው።

ፍሬኑ ሠርቷል። ለፍሬኑ አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎች ሁሉ ይህችን አንዷን እንደ ተጻፈች እንዲያነቧት እለምናለሁ።

ቤት ገብተን እናቴ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ወጉ እንደሚያዘው ቀድሜ ተንበርክኬ ግንባሬን ጉልበታቸው ላይ ላሳርፍ ስል፣ እሳቸው እጄን ይዘው «ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ጥለውኝ ሄዱ ብዬ በልቤ አምቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። በጃቫ ምድር እናት ልጇን ቀድማ ይቅርታ የጠየቀችበት ዒድ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ሁሉም ነገር በኋላ ማርሽ ነበር የሚሄደው። ዊንዳርቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ከእናንተ የመጣ መልእክት ነበር። «እኛ የድርጅቱ ቤተሰቦች በሙሉ፣ በግልጽም ሆነ በስውር ለፈጸምነው በደል ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። መልካም ዒድ!» ይላል። ከጎኑ የዚያ የሰሌዳው ቤተሰብ ፎቶ አለ። ለሰዓት አክባሪነታችሁ ወደር አላገኘሁለትም።

፫ኛ፦ መኪናዋ በጎታች መኪና ተጭና ወርዳ ጋራዣችሁ ገባች፤ እኛም ሻንጣችንን ታቅፈን በአውቶቡስ ተመለስን። የዋስትና ክፍላችሁ ወጣት ሠራተኛ በታላቅ ትሕትና አስተናገደኝ፤ ትሕትናው ሳይጎድል ዋስትናው እንደማይሠራ አስረዳኝ። ምክንያቱ «ከተለመደው ውጪ የሆነ አጠቃቀም» ነው። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «አባት፣ መቀመጫዎቹ ሁሉ ሞልተው ነበር፣ ጭነትም ነበር፣ ዳገትም ነበር። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረውም፤ አንድ ላይ ሲሆን ነው» አለኝ። ይህንን የሚነግረኝ ከጀርባው የሰሌዳችሁ ታናሽ ወንድም የሆነ ፖስተር ተለጥፎ ነው። ሰባቱ ሰዎች፣ ሻንጣው፣ ዳገቱ፣ ሁሉም አሉበት። በጣቴ ባሳየው ዞር ብሎ አየና «እሱ ሥዕል ነው፣ አባት» አለኝ። በእናንተ ቤት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እውነተኛው ይህ በመሆኑ ለወጣቱ የደረጃ ዕድገት እንዲሰጠው በአክብሮት ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ መኪናዋ «ለረጅም ርቀት ወደ ኋላ መነዳቷ» ነው። ይኸውም ካምቢዮው የተበላሸው ከተበላሸ በኋላ ባደረግነው ነገር ነው ማለት ነው። ይህንን ለጉንቱር ብነግረው «ጋሼ፣ መኪናዋ ብቻ አይደለችም፤ እነሱም ወደ ኋላ ነው የሚያስቡት» አለኝ። ጉንቱር አፉ ያልታረመ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬ኛ፦ የካምቢዮው ዘይት የዕድሜ ልክ መሆኑንና መቀየር እንደማያስፈልገው በመመሪያችሁ ላይ አንብቤ ነበር። ጋራዣችሁ ደግሞ ለምን እንዳልቀየርኩት ጠየቀኝ። አሁን ገብቶኛል፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ አልተጻፈም ነበር። ዘይቱና ካምቢዮው በአንድ ቀን አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ ልምጣ። እናቴ ከዚያ ቀን ወዲህ በምንም ዓይነት መኪና ውስጥ አልገባም ብለዋል። በስልክ ብለምናቸው «መሄጃና መምጫዋን ከማታውቅ ጋር እኔ በየትኛው ዓይኔ ልሂድ? ያቺው መኪና በፊቷ ከመጣች እገባለሁ። ካልመጣች ይቅርብኝ፣ ለምጄዋለሁ፣ ጨለማው የራሴ ነው» ይሉኛል። ሌላ መኪና ተከራይቼ ልምጣ ብላቸው ስልኩን ለጁሜኖ አቀብለው ሄዱ። የሸዋል ጨረቃ እየጎደለች ነው። የሆስፒታሉ ተራ ካለፈ ዳግመኛ መቼ እንደሚገኝ የሚነግረኝ ሰው የለም። እኔ በቀን በቀን ጋራዣችሁ እደውላለሁ፣ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ እንቅልፍ ሲወስደኝም በሕልሜ ወደ ኋላ እነዳለሁ። መኪናዋም ጋራዣችሁ ጥግ አቧራ ለብሳ ቆማለች፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳትል።

የዒድ መልእክታችሁን ጉዳይ ደግሞ ሳልዘጋው ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። በእኛ ዘንድ በዒድ ይቅርታ የጠየቀን ሰው መንፈግ አይፈቀድም። ስለዚህ ለእናቴ አነበብኩላቸው። «እነማን ናቸው?» አሉ። መኪናዋን የሠሩት ናቸው አልኳቸው። «ምን አጥፍተው ነው?» አሉ። ምንም አላጠፋንም ይላሉ አልኳቸው። እናቴ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ምኑን ልማርላቸው? መጥተው ይንበርከኩ፣ ከተንበረከኩ ጥፋታቸው ትዝ ይላቸው ይሆናል» አሉ።

ስለሆነም ክቡርነትዎን በእናቴ ስም ወደ ታንጁንግሬጆ እጋብዛለሁ። ሸዋል እስኪያልቅ በራቸው ክፍት ነው፤ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው የዒድ ሩዝ፣ ከቱፓቱ፣ ቢያልቅም ሻይ አይጠፋም። የምትመጡት ግን ድርጅትዎ በሚሠራት በዚያችው ዓይነት መኪና፣ መቀመጫዎቹ ሁሉ ሞልተው፣ ጣራው ላይ ሻንጣ ተጭኖ እንዲሆን በትሕትና እለምናለሁ። የመጨረሻው ዳገት ሥር ስትደርሱ ጊዜያችሁን በሙከራ አታጥፉ፤ ከወዲሁ ጀርባዋን አዙሩ። መንደሩ መንገዱን ያውቃል።

ለደንበኞች እርካታ በሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት እጅግ የተደነቅሁ፣ የማልረካው ግን በራሴ ጠማማነት ብቻ የሆነ፣ ፊትዎን ለማየት የምናፍቅ፣ እስከዚያው ግን በጀርባዎ የምጽናና ታማኝ ደንበኛዎ፣

ሱታርዮ ፕራሶጆ
ከቤካሲ ከተማ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ የጋዜጣውን ተራ ሲጠብቅ የሆስፒታሉ ተራ ቀደመ። ጁሜኖ እናቴን በጎመን መኪናው ጋቢና አስቀምጦ አወረዳቸው። እሺ ያሉትም «ይቺን ድሮ ነው የማውቃት፣ ፊቷ ወዴት እንደሆነ በድምጿ እለያለሁ» ብለው ነው። ይህቺ የጎመን መኪና ከራትሪ በብዙ ዓመት ትበልጣለች፤ ካምቢዮዋም የዕድሜ ልክ ዘይት ቀምሶ አያውቅም። ትናንት የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ተፈታ። መጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን የራትሪን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጪ አዩ። ከሆስፒታሉ ማዶ የእናንተ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስለ ሥዕሉ ማንም ምንም አልነገራቸውም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ሲያዩት ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «አሁን ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል። ያቺ መኪና ግን እየመጣች ይሁን እየሄደች አሁንም አልለየሁም።»